ባንድን በ95 ዴሲቤል ሚክስ ማድረግ፦ ከድሬዳዋ የሥራ ማስታወሻ

ቦታው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ የሆቴል ግቢ ነው። ርዝመቱ 38 ሜትር፣ ወርዱ 26 ሜትር፤ ዙሪያው ግንብ፣ ከላይ የኒም ዛፍ ቅጠልና ሰማይ። መድረኩ በምዕራብ ጫፍ ነው፤ ፊቱን ወደ ደቻቱ ወንዝ አዙሯል። ከመድረኩ ጀርባ፣ ከግንቡ ማዶ፣ መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያው በር 45 ሜትር ይርቃል። ቅዳሜ ማታ 400 ሰው ይጠበቃል።

ባንዱ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ኡድ፣ ሁለት ድምፃውያንና እያጨበጨቡ የሚቀበሉ አራት ተቀባዮች ናቸው። አሊ ቢራ በተወለደበት ከተማ ኡድ ከባንዱ ይውጣ ብሎ የሚደፍር የለም፤ ለማይክ አስቸጋሪ መሣሪያ ቢሆንም ቦታው የተጠበቀ ነው። ዕቃው 32 ቻናል ያለው ዲጂታል ሚክሰር (ኤክስ32)፣ በየጎኑ ሁለት ስፒከር፣ አራት ባለ 18 ኢንች ሰብ (የታችኛው ድምፅ ስፒከር)፣ አምስት ሞኒተር (ለሙዚቀኞቹ ራሳቸው የሚያሰማ ስፒከር)፣ አንድ ፕሮሰሰር (ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደውን ድምፅ የሚያስተካክል)፣ አንድ የመለኪያ ማይክና ላፕቶፕ ነው።

ገደቡ ከሦስት ወገን ይመጣል። የመጀመሪያው የታዳሚው ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መስፈርት የ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል ኤ (እንደ ጆሮ አሰማም ታችኛውን ድምፅ ቀንሶ የሚመዝን መለኪያ) እንዳይበልጥ ይላል። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ጥላ ሥር ያለው የአገሪቱ የአካባቢ ድምፅ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45፤ ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ያስቀምጣል፤ ሌሊቱ የሚጀምረው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ነው። የሌሊቱን ቁጥር ክፍት ግቢ ውስጥ ባንድ አቁሞ ማሟላት አይታሰብም። ስለዚህ ሆቴሉ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ከ4 ሰዓት በኋላ ሚክሰሩ ጋ 90 ዴሲቤል እንዲሆን፣ 5 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ተስማምቷል። ሦስተኛው ወገን አስተናጋጆቹና እኛው ነን። በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት በሚለው ሂሳብ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ95 ላይ የቀኑ ድርሻ 48 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ለአስተናጋጅ ሁሉ የጆሮ መድፈኛ ተገዝቷል።

ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 35 ዲግሪ። መለኪያው

የመለኪያ ማይኩ ሚክሰሩ አጠገብ፣ ከመድረኩ 18 ሜትር ላይ፣ በ2.5 ሜትር ከፍታ ቆመ። ከሰው ጭንቅላት በላይ ሲሆን አጠገቡ የሚጮኽ ሰው ቁጥሩን አያበላሽም፤ እጅም አይደርስበትም። እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጫነ።

ካሊብሬተሩ በ1 ኪሎ ኸርዝ 94 ዴሲቤል ያወጣል፤ ይህም 1 ፓስካል ነው። የማይኩ አፍ ሩብ ኢንች፣ የካሊብሬተሩ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች ስለሆነ ማስማሚያ ቀለበቱ የግድ ነው። ያለ ቀለበቱ አየር ይሾልካል፣ ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ ያንሳል፣ ሶፍትዌሩ ግን ያንን ያነሰ ምልክት 94 ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ መለኪያው ሌሊቱን ሙሉ ከእውነቱ በላይ ያነብባል፤ ባንዱም ያለ ጥፋቱ ሲታነቅ ያድራል። ካሊብሬተሩ ፒስተንፎን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የከፍታ ማረሚያ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 1.2 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ያው ዕቃ ሐረር ሲወጣ ቅናሹ ወደ 2 ይጠጋል።

ስልክ ለጨረፍታ እንጂ ለክርክር አይሆንም። የብዙ ስልኮች ማይክ ከ100 በላይ ሲሆን ይደፈናል፤ ታችኛውን ድምፅም አስቀድሞ ይቆርጠዋል።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ሚክሰሩ ጋ የተነበበው ቁጥር ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ስንት ነው? በፒንክ ኖይዝ (ከታችኛው እስከ ላይኛው ድምፅ ሁሉንም የያዘ የመለኪያ ሹሹታ) ተለካ። ስፒከሮቹ 2.2 ሜትር ከፍታ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ታዳሚውን ከመድረኩ የሚለየው አጥር 3 ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሚክሰሩ ጋ 85 ሲያነብብ አጥሩ ጋ 96 ሆነ። የ11 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ሚክሰሩ ጋ 95 ሲባል ፊት ያለው ሰው 106 ይጠጣል ማለት ነው።

ስፒከሮቹ ወደ 4 ሜትር ወጡ፤ ከሚክሰሩ ትንሽ ኋላ ያለውን ረድፍ እንዲያዩ 6 ዲግሪ ወደ ታች አዘነበሉ፤ አጥሩም ወደ 5 ሜትር ተገፋ። ልዩነቱ ወደ 5 ወረደ። ፊት ላይ 100 እንዳያልፍ ሚክሰሩ ጋ 95 ማለት ነው። የሥራው ቁጥር የተገኘው ከዚህ ነው። ሌላ ግቢ ገብቶ 95 ብሎ መጀመር ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ልዩነት አለው።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። መድረኩ ብቻውን

ስፒከሮቹ ጠፍተው፣ ሞኒተርና አምፕሊፋየር ብቻ በርቶ ባንዱ አንድ ሙሉ ዘፈን ተጫወተ። አጥሩ ጋ 96 ዴሲቤል ኤ።

እዚህ ላይ ሂሳቡን ሳይሠሩ ማለፍ አያዋጣም። ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም፤ 3 ዴሲቤል ሲጨምር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ከ100 አንጻር 96 ማለት 40 በመቶው ጉልበት ነው። ስፒከሩ ገና አንድ ቃል ሳያወጣ ከተፈቀደው ግማሽ የሚጠጋውን መድረኩ በላው። ያም ሚክስ ያልተደረገ፣ ፌደር (የሚክሰሩ መጨመሪያና መቀነሻ) የማይገዛው ድምፅ ነው። ገደብ ያለበት ምሽት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ሳውንድማኑ ማስተሩን (የጠቅላላውን ድምፅ ፌደር) ሲያወርድ የሚጠፋው የድምፃዊው ቃል ነው፣ የሚቀረው ሲምባል ነው።

የሊድ ጊታሩ አምፕሊፋየር ወለል ላይ ተቀምጦ ለጊታሪስቱ እግር ይጫወት ነበር። ጊታሪስቱ ስለማይሰማው ይጨምራል፤ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ጨረር ግን ቀጥታ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለውን ሰው ይወጋል። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተሰቅሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጊታሪስቱ ጆሮ ዞረ። ጊታሪስቱ ራሱ ቮልዩሙን ከ6 ወደ 3 አወረደው፤ ማንም አልለመነውም።

የቤዝ አምፕሊፋየር ጠፋ፤ ቤዙ ያለ ማይክ፣ በዲአይ ሳጥን ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ገባ። ድራሙ ምንጣፍ ላይ ሆነ፣ ስኔሩ ላይ እጥፍ ጨርቅ ተለጠፈ፣ ዱላው ከቀጫጭን እንጨቶች በታሠረው ዓይነት ተቀየረ። ድራመሩ መጀመሪያ «አቦ፣ ይሄማ ሹክሹክታ ነው!» አለ። የጆሮ ማዳመጫ ተሰጥቶት ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና ቤዙ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ዝም አለ። የእሱ ሞኒተር በዚያው ጠፋ።

የቀሩት አራት ሞኒተሮች ከዜሮ ተጀመሩ። ደንቡ ለእያንዳንዱ ሰው ከመድረኩ በራሱ የማይሰማውን ብቻ መስጠት ነው፤ ለተቀባዮቹ የዋናው ድምፃዊ ድምፅና ኪቦርድ ይበቃል፣ ሳክስፎን በሞኒተር የሚያስፈልገው ሰው የለም። ሁሉም ከ150 ኸርዝ በታች ተቆረጡ።

እንደገና ሲለካ አጥሩ ጋ 90 ሆነ፤ ከ100ው ጉልበት 10 በመቶ። ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ ያወጣነውም የአንድ ሳጥን ለስላሳና የምንጣፍ ኪራይ ነው።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ 34 ዲግሪ። ሰቡ ጀርባውን እንዳይሰማ

ሰብ በተፈጥሮው ፊትና ጀርባ የለውም፤ 60 ኸርዝ ለታዳሚው የሚሄደውን ያህል ከግንቡ ማዶ ላለው መኝታ ቤትም ይሄዳል። ግንቡ ለዚያ ርዝመት ላለው ሞገድ እንደሌለ ነው። ስለዚህ አራቱ ሰቦች በሁለት ረድፍ ሆኑ፦ ሁለቱ ከመድረኩ ፊት፣ ሁለቱ 1.4 ሜትር ወደ ኋላ፣ ሁሉም ወደ ታዳሚው እያዩ።

ቁጥሩ የመጣው እንዲህ ነው። በ34 ዲግሪ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 352 ሜትር ገደማ ነው። ለ63 ኸርዝ የሞገዱ ሩብ 1.4 ሜትር ይሆናል። ያንን ርቀት ድምፅ የሚያቋርጠው በ4 ሚሊ ሰከንድ ነው። የኋለኛው ረድፍ 4 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ ፖላሪቲውም (የሞገዱ ፕላስና ማይነስ) ይገለበጣል። በመድረኩ ጀርባ ለቆመ ሰው የሁለቱ ድምፅ እኩል ደርሶ ተቃራኒ ስለሆነ ይጠፋፋል፤ ፊት ለፊት ግን ይደመራል። ጀርባ 12 ሜትር ላይ ሲለካ 63 ኸርዝ ከፊቱ በ13 ዴሲቤል አነሰ። ፊት ላይ አራቱም አንድ ላይ ቢደረደሩ ከሚገኘው 2 ዴሲቤል ያህል ተከፍሎበታል።

ሁለት ነገሮች ተበላሽተው ነበር። መጀመሪያ የመዘግየቱ ቁጥር በስህተት ለፊተኛው ረድፍ ተሰጠ። ያኔ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ድምፁ ፊት ላይ ይጠፋፋና ጀርባ ይደመራል። ሚክሰሩ ጋ የቆመ ሰው «ሰቡ ደከመ» ብሎ ይጨምራል፣ የጎረቤት መስኮት ይርገበገባል። ምርመራው ቀላል ነው፦ 63 ኸርዝ አጫውቶ መድረኩን ዞሮ በእግር መሄድ። ጀርባ ከበረታ ፕሮሰሰሩን ማየት ነው።

ሁለተኛው የኬብል ጉዳይ ነው። ፖላሪቲው የተገለበጠው 2ኛውና 3ኛው ፒን በተቀያየሩበት ኬብል ነበር። ይህ ዓይነቱ ኬብል ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል መዓት ነው፤ አንድ ቀን ቀኝ ስፒከር ላይ ይሰካና ድምፃዊው መሃል ላይ ሲጠፋ ማንም ምክንያቱን አያገኝም። በሁለቱም ጫፍ ቀይ ቴፕ ተጠቀለለበት፤ ከዚያም መገልበጡ ወደ ፕሮሰሰሩ ተዛውሮ ኬብሉ ተፈትቶ ተስተካከለ። ቀይ ቴፕ ዝናብና ሙቀት ያላቅቀዋል፣ ፕሮሰሰር አይረሳም።

የኋላው ረድፍ ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ነጸብራቁ መጠፋፋቱን ያፈርሰዋል። መድረኩ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ተሳበ። ሰቦቹ ከ38 ኸርዝ በታች ተቆረጡ፣ ከዋናዎቹ ስፒከሮች ጋር መገናኛው 90 ኸርዝ ሆነ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። የኤ ኪስ የት ይፈሳል?

የማክሰኞው ልምምድ በየቻናሉ ተቀድቶ ነበር። ያንኑ እየደጋገሙ ማጫወት ይሻላል፤ ባንዱ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይጫወት ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል። አንድ ሙቅ ዘፈን ተመርጦ ሚክሰሩ ጋ 95.0 ኤ፣ 110 ሲ (ታችኛውን ድምፅ ብዙም ሳይቀንስ የሚመዝነው መለኪያ) ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ አንድ ቡድን ለብቻው እየተዘጋ፣ የቀድሞው ተመልሶ እየተከፈተ ተለካ።

ኪክና ቤዝ ሲዘጉ ኤው 94.8 ሆነ። በቃ፣ 0.2 ብቻ። ሲው ግን ከ110 ወደ 101 ወደቀ። የድራሙ የላይ ማይኮችና ሃይሃት ሲዘጉ 94.5። ዋናው ድምፃዊ ሲዘጋ 93.9። አራቱ የተቀባይ ማይኮች ሲዘጉ 93.4።

የመጨረሻውን መልሶ መለካት ግድ ሆነ፤ ያው ነው። 1.6 ዴሲቤል፣ ማለትም ከጉልበቱ 31 በመቶ። ዘፈናቸው አይደለም የበላው፤ ጭብጨባው ነው። የምሥራቁ ሙዚቃ፣ ሸጎዬውም የሐረሪውም፣ በጭብጨባ ይነዳል፤ ጭብጨባ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፣ ከአፍ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አራት ክፍት ማይክ ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱ የኤ ሚዛን ቅርጽ ነው። ኤ በ63 ኸርዝ 26.2 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ በ125 16.1፣ በ250 8.6፣ በ500 3.2፤ በ1000 ዜሮ ነው፤ በ2000 ደግሞ 1.2፣ በ4000 1.0 ይጨምራል። ስለዚህ የኤ ገደብ ሲደርስ ማስተሩን ማውረድ ለማንም የማይጠቅም መልስ ነው፤ ያጠፋው መሃለኛው ላይኛ ድምፅ ሆኖ ሳለ ቤዙም አብሮ ይቀጣል። ታዳሚው «ቀዘቀዘ» የሚለው ቤዙ ሲሄድበት ነው።

አራቱ የተቀባይ ማይኮች ሁለት ሆኑ፣ ሁለት ሁለት ሰው በአንድ። ተቀባዮቹ ሲያጨበጭቡ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሉ ተነገራቸው፤ ጭፈራው ውስጥ ስለሚገጥም አልከበዳቸውም። በሁለቱ ማይኮች 3 ኪሎ ኸርዝ ላይ 4 ዴሲቤል ተቀነሰ፣ ፈጣን ኮምፕረሰር (ድምፅ ሲበዛ ይዞ የሚቀንስ) ተደረገባቸው። ጭብጨባው አሁንም ይሰማል፤ እንደውም ከአራት ማይክ ይልቅ በሁለቱ ምቱ ጠራ፣ ምክንያቱም አንድ ጭብጨባ በአራት የተለያየ ርቀት አይደርስም። ጠቅላላው 93.6 ሆነ። የተረፈው 1.4 ዴሲቤል ለድምፃዊውና ለኡዱ ተከፈለ።

ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን በዋናዎቹ ስፒከሮች ላይ በኢኪው (በድምፅ ማስተካከያው) ዝም ብሎ መቁረጥ ፈታኝ ነው፤ ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳልና። ግን ተነባቢዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ «ጠ» እና «ተ» የሚለዩት እዚያ ነው፤ ግጥሙ ያልተሰማ ዘፈን ማን ይወደዋል። የተሻለው ባለ ብዙ ክፍል ኮምፕረሰር ነው። በዚያ ክፍል ብቻ፣ 2 ለ 1፣ ሲበዛ 3 ዴሲቤል እንዲይዝ ተደረገ። ሳክስፎኑ ሲጮኽ ይይዛል፣ ድምፃዊው ለስለስ ሲል ይለቃል።

ሪቨርቡም (በድምፁ ላይ የሚጨመረው ማስተጋባት) ያስከፍላል። ጅራቱ በቃላት መሃል ያለውን ዝምታ ስለሚሞላ አማካዩን በ0.4 ከፍ አድርጎት ነበር። ከ250 በታችና ከ6000 በላይ ተቆርጦ፣ ርዝመቱ ከ2.4 ወደ 1.5 ሰከንድ ሆነ። ኡዱ በ200 ኸርዝ አካባቢ ያፏጫል፤ የሆዱ ድምፅ ነው። ከማይኩ ጠባብ ቁራጭ ወጣ፣ ታችኛው ድምፅ ከፒክአፑ ተወሰደ።

አርብ፣ ምሽት። የ15 ደቂቃ ሂሳብ

አማካይ ማለት ወጪን ማከፋፈል ይቻላል ማለት ነው፤ ችግሩ ቀድሞ ያባከነ በኋላ መክፈሉ አይቀርም። በ15 ደቂቃ ውስጥ 5 ደቂቃ 98 ላይ ከተጫወተ ጉልበቱ እጥፍ ስለሆነ የቀሩት 10 ደቂቃዎች 92 ላይ መሆን አለባቸው። ሁለት የተከተሉ ሙቅ ዘፈኖች በ92 ሊጫወቱ አይችሉም፤ ያኔ ሚክሱ ይሞታል። መፍትሔው የዘፈን ቅደም ተከተል ነው። ከባንዱ መሪ ጋር ዝርዝሩ ታየና ሦስት ሙቅ ዘፈኖች የተከታተሉበት ቦታ መሃሉ ላይ የኡድና የድምፅ ብቻ ዘፈን ገባ። መድረክ መሪው የሚናገርበት ጊዜም ትርፍ ነው፤ ከ15 ደቂቃ 3ቱ ንግግር ከሆነ ሙዚቃው 1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ማለት ይችላል። ምሽቱ በ91 ይጀምራል። ጆሮ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይለምዳል፤ በ95 የጀመረ ሰው መውጫ መሰላል የለውም።

በባንዱ እረፍት የሚገባው ዲጄ ለብቻው ይታያል። የተቀዳ ዘፈን የታመቀ ነው፤ ጫፉ ከባንዱ ጋር እኩል ቢሆንም አማካዩ 6 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። የዲጄው ሚክሰር በሁለት ቻናል ገብቶ፣ ፌደሩ 5 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚይዝ ኮምፕረሰር ተደረገበት። ጫፍ ብቻ የሚይዝ ሊሚተር እዚህ አይረዳም፤ አማካዩን አያይምና። ዋናው ላይ ሊሚተር አጥብቆ ገደብ ለማስከበር መሞከርም አያዋጣም፤ ኪክ በመጣ ቁጥር ድምፃዊው ወደ ውስጥ ይሳባል።

ቅዳሜ

*12 ሰዓት ተኩል።* 31 ዲግሪ። ካሊብሬሽን 94.1። ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋሉት ስፒከሮች ከሰዓት በኋላ በሸራ ተሸፍነው ነበር፤ የጋለ ጥቅል ሽቦ መቋቋሚያው ስለሚጨምር ለተመሳሳይ ምልክት ያነሰ ድምፅ ይሰጣል።

*1 ሰዓት ተኩል።* የኢሻ አዛን። ሙዚቃ የለም፣ የሳውንድቼክ ጭረትም የለም፤ 20 ደቂቃ።

*2 ሰዓት።* ተጀመረ። 91.2 ኤ፣ 106 ሲ።

*2፡40።* ሲው በድንገት 113 አለ፤ ኤው 93 ላይ ነው። ኪክ በሌለበት ቦታም ከ30 ኸርዝ በታች ያለው መስመር ይዘላል። ነፋስ ነው፤ የማይኩ ስፖንጅ ተንሸራቷል። ስፖንጁ ተመለሰ፣ ፌደር አልተነካም። ሲን ብቻ እያየ ሰብ የሚቀንስ ሰው በነፋስ ይሸወዳል።

*3፡05።* ታዳሚው ከድምፃዊው ጋር ይዘፍናል። በሁለት ዘፈን መሃል ያለ ስፒከር 92 ተነበበ። ታዳሚው በ92 ሲዘፍን ከ95 የሚቀረው 92 ብቻ ነው። ስፒከሩ 2 ዴሲቤል ወረደ፤ ማንም አላወቀም፣ ዘፈኑን ራሳቸው ይዘውታል።

*3፡10።* ከግንቡ ማዶ የቤቱ በር ላይ 62 ኤ። ወደ ደቻቱ ዳር፣ 300 ሜትር ላይ፣ 56፤ ያለ ሙዚቃ የባጃጁና የሰው ድምፅ እዚያ 48 ነበር።

*3፡20።* ሁለተኛው ድምፃዊ የማይኩን ራስ በእጁ ጨበጠ፤ ፉጨት። ማይኩ ሲጨበጥ የጀርባ ቀዳዳዎቹ ይዘጉና ከየአቅጣጫው ይሰማል። 1.6 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጠባብ ቁራጭ ወጣ፤ በእረፍት ጊዜ ተነገረው።

*3፡40።* ወደ 90 መውረድ ተጀመረ፣ በየዘፈኑ 1 ዴሲቤል። መጀመሪያ የወረዱት ሞኒተሮቹ ናቸው። ስፒከሩ ብቻ ቢወርድ የመድረኩ ድምፅ ባለበት ስለሚቆይ ሚክሱ ወደ ሲምባልና ጊታር ያጋድላል። ድራመሩም ጣቱን አለዘበ፤ ድራም በዱላ እንጂ በፌደር አይወርድም።

*4 ሰዓት።* 90.3። *4፡05።* 89.8።

*4፡30።* የቤቱ በር ላይ 57፤ እንደታሰበው 5 ወርዷል። ደቻቱ ዳር ግን 55፣ አንድ ብቻ። መሬቱ ቀዝቅዞ ከላዩ ያለው አየር ሞቅ ብሎ ሲቀር ድምፁ ወደ ላይ መብነኑን ትቶ ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ግንቡንም አልፎ ይወርዳል። በደረቀው የወንዙ አሸዋ ላይ የሚያግደው የለም። በምሽት መጀመሪያ የተለካ የሩቅ ቁጥር ለሌሊቱ አይሠራም።

*4፡40።* ከግንቡ ማዶ ያሉ እናት በር ላይ ቆመው ነበር። ድምፁ በዝቷል ወይ ሲባሉ «ሙዚቃው አይደለም ልጆቼ፤ ጣራዬ ነው የሚዘፍነው» አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሲገባ እውነት ነው፤ ቆርቆሮው በአንዳንድ የቤዝ ኖታ ላይ ዝርርር ይላል። መለኪያው 57 ይላል፤ እሳቸው የሚሰሙት ግን ቆርቆሮውን ነው።

*5 ሰዓት።* ተዘጋ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አንድ ሰብ ብቻ በርቶ ከ30 እስከ 90 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ተለቀቀ፤ አንድ ሰው ጣራው ሥር ቆሞ በስልክ ይናገራል። 41 ላይ ምንም፤ 44 ላይ ትንሽ፤ 47 ላይ ቆርቆሮው ተነሣ፤ 52 ላይ ዝም አለ። 47 ኸርዝ ከፋ ዲዬዝ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ትናንት ቤዙ ደጋግሞ ይመታት የነበረች ኖታ ናት። ለጊዜው በሰቡ ፕሮሰሰር 47 ኸርዝ ላይ ጠባብ የ5 ዴሲቤል ቁራጭ ተደረገ። ቁራጩ በግቢው ውስጥ ይሰማል፤ ያቺ ኖታ ከጎረቤቶቿ ትቀላለች።

መሰላል ወጥቶ ሲታይ በዳሩ በኩል ሁለት የቆርቆሮ ንጣፎች በተደራረቡበት ቦታ ምስማሮቹ ራሳቸውን አውጥተዋል፤ በቀን ሙቀት እየተለጠጠ በሌሊት እየተኮማተረ ነው የሚያወጣቸው። ከከፊራ ገበያ ባለ ላስቲክ ቀለበት የጣራ ብሎን 24 ተገዛ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አሮጌው ምስማር ወጥቶ ብሎን ገባ፣ በተደራረቡት ንጣፎች መሃልም ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ ተዘረጋ።

8 ሰዓት ላይ ያው ድምፅ እንደገና ከ30 እስከ 90 ተለቀቀ። 47 አለፈ፣ 50 አለፈ፣ ጣራው ሥር ያለው ሰው «የለም» አለ። አንድ ጊዜ ተደገመ፣ በ3 ዴሲቤል ተጨምሮ። የለም። የ47 ኸርዙ ቁራጭ ከፕሮሰሰሩ ላይ ተነሣ።